ዶክተር ቱፋና መርፌ የማትፈልገው ቡሽ

እኛ ሰፈር ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ሄዶ ሳይወጋ ከተመለሰ እንደታከመ አይቆጠርም። «ምን ሰጡህ?» ይሉታል። «ክኒን» ካለ ከንፈር ይመጠጥለታል። «ወጉኝ» ካለ ግን «እሰይ፣ እንግዲህ ትድናለህ» ይባላል። መርፌው ምን እንደያዘ የሚጠይቅ የለም። ውሃም ይሁን ወተት፣ ብቻ ይውጋ። እኔ በዚህ ሕዝብ መሃል ነው ያረጀሁት፣ ስቄበት ሳልጠግብ።

ወርቄ እባላለሁ። ቤቴ ዓለም ገና ነው፣ ከጅማ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዝናብ ሲጥል ባጃጅ አልገባም የሚልበት ሰፈር። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፍልኛል፤ ማን እንደሆነ ኋላ ታውቁታላችሁ። ሥራዬ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ መሸጥ ነው፤ ከሽያጩ ግን አላፊ አግዳሚውን መተረቡ ይበልጣል ይሉኛል። ውሸት አይደለም።

ከተረብኳቸው ሁሉ እንደ ቱፋ ምላሴን ያሰለጠነ የለም። ቱፋ ጎረቤቴ ነው፣ አጥር ነው የሚለየን። ወታደር ቤት ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ ውጋ ሲሉት የሚወጋ ነው። ሲመለስ ግን ማንም ሳይሾመው ዶክተር ሆኖ ቁጭ አለ። ነጭ ጋዋኑን ሳሎኑ ውስጥ እንደ ታቦት መጋረጃ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ራስ ምታት ይወጋል፣ ወገብ ይወጋል፣ ባሏ የኮበለለባትን ሴት ሳይቀር «ደም ማነስ ነው» ብሎ ይወጋል። ከተፍኪ ድረስ በጋሪ እየመጡ ቂጣቸውን ገልጠውለት ተመርቀው የሚሄዱ ነበሩ። እኔም ተወግቻለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ክረምት እሾህ እግሬን ወጋኝና ንቄ ተውኩት። እሾህ ግን ንቀት አይወድም። እግሬ አበጠ፣ ቀላ፣ ትኩሳት ጣለኝ። ሴት ልጄ ቡራዩ ስለምትኖር እሷ ጋ ወሰዱኝና እዚያው ካለ ሐኪም ቤት ተኛሁ።

አንድ ጺሙን ያሳደገ ጎረምሳ ነርስ መጣ።

«እማማ፣ እጆትን ይስጡኝ» አለኝ።

«ልትወጋኝ ነው?»

«አንዴ ብቻ። ከዛ በኋላ መርፌ የለም።»

«አንዴ ብቻ ያለኝ ባሌ ነው፣ ሰባት ወለድኩ።»

ከት ብሎ ሳቀና ካኑላውን አስገባ፤ ያቺ ደም ሥር ውስጥ የምትቀመጠዋን ቀጭን ቱቦ ማለቴ ነው። ከዚያ ጫፏ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጥርት ያለች ቡሽ ጠመዘዘባት። መድኃኒት ሊሰጠኝ ሲመጣ ቡሽዋን በአልኮል ፈተጋት፣ ፈተጋት፣ እንደ ጠቆረ ድስት ቂጥ። እስክትደርቅ ጠበቀ። ቀጥሎ ሲሪንጁን ያለ መርፌ እላይዋ ላይ ጠምዘዝ አድርጎ ገፋው። ገባ።

«መርፌውስ?» አልኩት።

«የለማ። ኒድል ፍሪ ነው እማማ። እዚች ቡሽ ላይ መርፌ አያስፈልግም። ሲሪንጁን ስጠመዝዘው ትከፈታለች፣ ስፈታው ራሷ ትዘጋለች።»

«ለኔ አዝናችሁ ነው?»

«ለርሶም ለኛም። በመርፌ ሲሆን በየጊዜው ራሳችንን እንወጋለን። በሽተኛው ያለበት በሽታ ወደኛ ይመጣል።»

«አዎ፣ ለራስህ ነው ያዘንከው በለኝ እንጂ» አልኩት። ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፣ ሲስቅ ድዱ ይታያል።

እግሬ ሲሻለው ከነካኑላው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ፣ የቀረውን መድኃኒት ጠዋትና ማታ ሰፈሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ እንድወስድ። ሲሸኘኝ ያ ጎረምሳ «ማንም መርፌ እንዳያስገባባት እማማ። ሳይፈትጉም እንዳይነኳት። ከተበላሸች ቆሻሻው ቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው» አለኝ። ፊደል ባላውቅም ጆሮ አለኝ። ሰማሁ።

ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን ደህና አድርገው ሰጡኝ። ከዚያ አንድ እሁድ ሰማዩ ተቀደደ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ባጃጆቹ አስፋልቱ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔ በዚያ እግር የማልራመድ ሆንኩ። ከቡራዩ የሰጡኝ መድኃኒት እቤት ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ደረሰ።

ልጄ ገመቹ «እማዬ፣ ምን ያስጨንቀናል፣ ዶክተር ቱፋ አለልን አይደል» አለ።

ልጄ ገመቹ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ጨርሶ ሲያበቃ ቱፋን ዶክተር ይላል። ያንን ሁሉ ዓመት ምን ሲያስተምሩት እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል።

ቤት ውስጥ የነበረችው ሌላ ሰው ሚስቱ ሃዊ ናት። አስተማሪ ናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ያኔ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ከዚያ በፊት አንዱ ፅንስ ሳይቆይላት ወርዶባት ስለነበር፣ ስትቀመጥም ስትነሳም ሆዷን እንደ ተበደረችው ዕቃ ነበር የምትይዘው። እኔም እሷ ፊት ስቀልድ እንኳ ድምጼን ቀነስ አደርግ ነበር፣ ልጁ እንዳይደነግጥብኝ።

ቱፋ ጋዋኑን በካፖርት ላይ ደርቦ፣ የዝናብ ቦቲውን ተጫምቶ ገባ።

«አከም ጅርቱ» አለ፣ ሚኒስትር የገባ ይመስል።

«ደህና ነን፣ ቦቲህን ጥረግ» አልኩት።

እጄን አንስቶ ቡሽዋን አገላብጦ አያት። «ይሄ ደሞ ምንድነው?»

«መርፌ የማትፈልግ ቡሽ ናት። በአልኮል ፈትጋት፣ ከዛ ሲሪንጁን ያለ መርፌ ጠምዘዝ አድርገህ ግፋው። ሌላ ነገር አትንካ።»

«አንቺ ነሽ ለኔ የምታስተምሪኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቡራዩ ያለው ጎረምሳ ነው።»

«የዛሬ ጎረምሳ» አለ ቱፋ፣ አፍንጫውን ነፍቶ። «ያለ መርፌ መድኃኒት በምን ይሄዳል? በእግሩ? እኔ ጄኔራል የወጋሁ ሰው ነኝ።»

«ጄኔራሉ ዳነ?»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለ ገመቹ። «ዶክተር፣ እርሶ እንዳወቁት ያድርጉት።»

እንዳወቀው አደረገው። አልኮል አልያዘም። ቡሽዋን እፍ አላት። እፍ አላት ነው የምላችሁ፣ ጠዋት ሽንኩርት የበላ አፍ። ከዚያ ሲሪንጁ ላይ ረጅም መርፌ ሰካ።

«ቱፋ፣ መርፌ አይገባባትም አልኩህ።»

«ዲሲ፣ ተይኝ፣ እጅሽን አታንቀሳቅሺ። ሃዊ፣ ነይ እስቲ ቡሹን ያዢልኝ፣ ይንሸራተታል።»

ሃዊ፣ ምስኪን፣ ሰው አታስቀይምም። መጥታ ቡሽዋን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘችለት። ቱፋ መርፌውን አሳርፎ ተጫነ። ቡሽዋ እምቢ አለች። ላብ ላብ አለው። ደግሞ ተጫነና ጥርቅ ብሎ ገባለት። «ይኸው» አለ። «አሁን ደግሞ ሥር ውስጥ መሆኑን እናያለን» ብሎ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ሳበው። ደሜ መጣ፣ ሲሪንጁ ውስጥ ቀይ ሆኖ ታየ። ገመቹን ዞሮ አየው፣ አየህ አይደል እንደማለት። ከዚያ መድኃኒቱን ሊገፋ ሲል አልሄድ አለው። ገፋ፣ አልሄድ አለ። ተናዶ መርፌውን በኃይል ነቀለው፤ መርፌው ከቡሽዋ ተፈትልኮ ወጣና የሃዊ አውራ ጣት ላይ ተሰካ።

ሃዊ ጣቷን አየችና ቀስ ብላ «ወጋኝ» አለች። እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብላ።

«ምንም አይደል» አለ ቱፋ። «ትንሽ ናት፣ ምጠጪያት።»

ጣቷ አፏ ጋ ሊደርስ ሲል እጇን ያዝኳት። «እንዳታስገቢ። ተነሺ፣ ቧንቧው ጋ ሂጂ፣ በሳሙና ታጠቢ፣ ውሃው ይፍሰስበት።»

ስትሄድ ያ ጎረምሳ ያለኝ ቀስ እያለ መጣብኝ። በሽተኛው ያለበት ወደኛ ይመጣል። እኔ ምን አለብኝ? ሰባት ወልጄ፣ ሰባ ዓመት ግድም ኖሬ፣ ደሜ ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ያ ደም የምራቴ ጣት ውስጥ ነው። ከጣቷ ወዲያ ደግሞ ያ የተበደረችው የምትመስለው ሆድ አለ።

ቀና ስል ቱፋ ቦርሳውን እየዘጋ ነው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሌላ ሕመምተኛ ይጠብቀኛል።»

«ቱፋ» አልኩት፣ «ሰበታ ሆስፒታል እንሄዳለን። አንተም ትሄዳለህ። ማን ወጋት ሲሉኝ በጣቴ የማሳየው ሰው እፈልጋለሁ።»

«ማሎ፣ እባክሽ እትዬ ወርቄ፣ በዚህ ጭቃ፣ እግርሽም…»

«እግሬን ተወው።»

እግሯ አይችልም የተባለችው ሴትዮ ያንን ጭቃ በገመቹ ትከሻ ተንጠልጥላ ወጣችው። ቡሽዋ ከተቀደደች ወዲህ ደም ታንጠባጥብ ስለነበር እጄን በነጠላዬ ጠቅልያለሁ። ሃዊ ሆዷን ይዛ ከፊት ትሄዳለች። ቱፋ ከኋላችን ጋዋኑን እንደ ቀሚስ ሰብስቦ ይዞ ይከተላል። አንድ ሁለቴ ሸርተት ብሎ በቂጡ ሲቀመጥ አየሁት። በሌላ ቀን ቢሆን ለወር የሚበቃኝ ሳቅ ነበር። ያን ቀን አልመጣልኝም።

አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ይዘን ሰበታ ገባን። ገመቹ ከሾፌሩ ጎን፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ፣ ቱፋ መሃል። መንገዱን ሙሉ ጭቃውን ከጋዋኑ ላይ ሲፍቅ ነበር።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ነገሩን ነገርኳት። መጀመሪያ ሃዊን እንደገና አሳጠበቻት። ከዚያ ነጠላዬን ፈትታ ቡሽዋን አየች፣ መሃሏ ተቀዷል።

«ማነው መርፌ ያስገባባት?»

በጣቴ አሳየሁ። ቱፋ ጣሪያውን ያያል። ሐኪሟ ከላይ እስከታች አየችው፣ ጭቃ የነካውን ጋዋን አየች፣ ምንም አላለችውም። ከስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ እኔ እንኳ አልችልበትም።

ካኑላውን ከነቡሽዋ ነቅላ ጣለች። ከሌላው እጄ ደም ቀዱ፣ ለቀረው መድኃኒትም አዲስ ካኑላ ከነቡሽዋ እዚያው አስገቡልኝ። ከሃዊም ቀዱ። ሃዊ በእርግዝና ክትትሏ ተመርምራ ምንም እንደሌለባት ነግራታለች። እንግዲህ የቀረው የኔ ነው። ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልን።

ትንሽ ቆይታ ሃዊ «እማማ» አለችኝ።

«ወዬ የኔ ልጅ።»

«ይሄኛውም ባይሆንልኝስ?»

ምንም የምቀልደው ነገር አጣሁ። በሕይወቴ ነው የምላችሁ፣ መቃብር ላይ እንኳ ያልተያዘ አፌ ተያዘ። እጇን ያዝኩ። አውራ ጣቷ ላይ ያለችው ነጥብ የቁንጫ ንክሻ ታክላለች። ገመቹ ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ያያል። አንዴ «እማዬ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ። «በኋላ» አልኩት። በኋላ ምን እንዳልኩት እዚህ አይጻፍም።

ሐኪሟ ጠራችኝ። «ውጤቱ የርሶ ስለሆነ ለብቻዎት ልንገሮት?» አለችኝ።

«ደሜን ሁላችንም ተካፍለነዋል፣ ለሁላችንም ንገሪን።»

ነገረችን። ኤች አይ ቪ የለብኝም። በዚህ ዕድሜዬ ቢኖርብኝ ኖሮ ስሜ ይጠራ ነበር። የጉበት ቫይረስ ግን አለብኝ፣ ቢ የሚሉት። ስንት ዓመት እንደኖረብኝ የሚያውቅ የለም፤ ሳያመኝ፣ ሳያሳከከኝ፣ ተከራይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በደም ይተላለፋል። ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል።

ሃዊ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስሚኝ እህቴ» አለቻት ሐኪሟ። «ወዲያው መምጣታችሁ ነው ደጉ ነገር። አሁኑኑ ክትባት ትወስጃለሽ፣ ለእርጉዝ ምንም አይልም። ቀጣዮቹንም ሳትቀሪ ትወስጃለሽ። ቆይተን እንመረምርሻለን። ልጁም እንደተወለደ ይከተባል። ብዙ ጊዜ ይሄ ይበቃል።»

«ብዙ ጊዜ» አለች ሃዊ።

«ብዙ ጊዜ» አለች ሐኪሟ። አልዋሸቻትም።

ይሄኔ ቱፋ አፉን ከፈተ። ሲከፍት ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው፤ «ለመሆኑ እሷ ይሄን ከየት አመጣችው?»

«ማወቅ አይቻልም አባባ» አለች ሐኪሟ። «ስትወለድም ሊሆን ይችላል። ድሮ አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲወጋ በነበረ ጊዜም ሊሆን ይችላል።»

ዞሬ አየሁት። እሱም አየኝ። ሁለታችንም በሐሳባችን ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ያቺን ጆሮዋ የተሰበረ የድሮ ድስቱን። የመስታወት ሲሪንጁንና መርፌውን ውስጧ ይነክር የነበረባትን። ውሃው ሲፈላ አንዳንዴ፣ ለብ ሲል አብዛኛውን ጊዜ። እኛ ሴቶቹ ተራ ይዘን ቁጭ፤ አንዷን ወግቶ በድስቷ ነከር፣ ሌላዋን ወግቶ ነከር። «ቶሎ በል ቱፋ» እንለው ነበር። እኛው።

ሐኪሟ «እርሶስ አባባ? ተመርምረው ያውቃሉ? ይሄን ያህል ዘመን ሲወጉ ራሶትንም ሳይወጉ አልቀሩም» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ።»

«እሷም ደህና ነኝ ትል ነበር።»

«ሌላ ቀን እመጣለሁ» አለና ተነሳ። ወደ በሩ ሲሄድ የሲሪንጁን ጠረጴዛ በሩቅ ዞሮ አለፈው። ተከትዬው ወጣሁ፣ እያነከስኩ።

«ቱፋ፣ ምን ሆነሃል?»

ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየ። «እትዬ ወርቄ» አለኝ በጆሮዬ፣ «እኔ መርፌ እፈራለሁ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዓለም ገናን ከነተፍኪ የወጋ ሰው፣ ጄኔራል የወጋ ሰው። ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ፣ እንባዬ ወረደ። ከዚያ እንባው አልቆም አለኝ፤ ሳቁ አልቆ እንባው ቀጠለ። ቱፋ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ና ግባ፣ አንተ ፈሪ» አልኩት። «እጅህን እይዝልሃለሁ።»

ያዝኩለት። ደሙን ሲቀዱት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጄን ጨምቆ ሊሰብረው ነበር። «አለቀ?» ይላል ገና ሳይነኩት። የሱ ውጤት ምን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። ምላሴ ረጅም ነው፣ ግን የሰው ደም አላወራም። ከፈለጋችሁ እሱን ጠይቁት፣ አጥሩ ጋ ነው የሚውለው።

እናንተ ይሄን የምታነቡ ፊደል የቆጠራችሁ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። በናንተ ሰፈርስ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር የምትሉ ስንት ናችሁ? እናታችሁ «አይደለም» ስትል «እማዬ፣ ተይ እንጂ» የምትሉስ? እኔ ቱፋን ድሮም እንቀው ነበር፣ አሁንም እንቀዋለሁ፣ ንቀቴን አልቀነስኩም። ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ፤ ድሮ ንቄው ስቄ እገባ ነበር፣ ንቄው ቂጤን እሰጠው ነበር። አሁን የናቅሁትን ሰው እጄን አላስነካም። ሊነካኝ የሚመጣውንም፣ ሐኪም ይሁን ሊቀ ሐኪም፣ «ታጠብክ? ፈተግካት?» እለዋለሁ። ጤና ጣቢያ ያሉት ሲያዩኝ «መጣች» ይላሉ። ይበሉ። ሲስቁ ሲስቁ ይፈትጓታል።

እኔ በየጊዜው እየሄድኩ ጉበቴን እታያለሁ። እስካሁን ደህና ነው፣ ተከራዩ ኪራይ አልጨመረም። ገመቹም ተመርምሮ ተከትቧል፤ ክንዱን ሲወጉት አብሬ ሄጄ ቆሜ አየሁት፣ ደስ ስለሚለኝ።

ቱፋ መውጋት ተወ። ከተፍኪ የመጡ ሲያንኳኩበት «ጤና ጣቢያ ሂዱ» ይላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ይረግሙታል። ድስቷን ስጠኝ ብዬው ብዙ ቀን ካንገራገረ በኋላ በአጥሩ ላይ አቀበለኝ። ጤና አዳም ተከልኩባት። ሲያልፍ ያያታል፣ እኔም ሲያያት አየዋለሁ፣ አንዳንዴ ቀንጥቤ እሰጠዋለሁ።

ሃዊ ክትባቷን አንድም ሳትቀር ጨረሰች። ልጅቷ ጫልቱ ተወለደች፣ በተወለደችበት ቀን ተከተበች፤ ስታለቅስ ድምጿ የኔን ይመስላል አሉ። ከዚያም ሃዊ የመጨረሻ ምርመራዋን አድርጋ ውጤት ልትቀበል የሄደች ቀን እኔ በር ላይ ሽንኩርቴን ሳልዘረጋ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ከባጃጁ ወረደች። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ያቺ ነጥብ ጠፍታለች። «ንጹሕ ነኝ እማማ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ይሄን የምትጽፍልኝ እሷ ናት። እስክሪብቶውን የያዘው ያ ጣት ነው። ጄኔራሉ ጋ ስንደርስ ስቃ መጻፍ አቅቷት ነበር፤ አግዳሚው ጋ ስንደርስ ደግሞ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወጥታ ተመለሰች። አሁን ጫልቱ ነቅታለች። ሃዊ «እማማ፣ ይብቃን፣ ጡት ፈልጋ ነው» ትላለች።

ይብቃን።